ወንበሮቹን በክብ የሚያስቀምጠው ድርጅት፦ የኦሪገን ሂውማኒቲስ ጉዳይ

ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ማታ ነው። ቢሮዎች ተዘግተዋል። በመላው አሜሪካ የሚገኙ ሙዚየሞች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የባህል ድርጅቶች ኢሜይል ይገባላቸው ጀመር። የላኪው አድራሻ ሰው የለመደው የመንግሥት አድራሻ አይደለም። ፍሬ ነገሩ ግን ግልጽ ነው። የተፈቀደላችሁ ድጋፍ ተቋርጧል፤ ገንዘቡ ከፕሬዚዳንቱ አጀንዳ ጋር ወደሚስማማ አዲስ አቅጣጫ ይዞራል። በቃ።

ደብዳቤው ከደረሳቸው አንዱ ፖርትላንድ ከተማ የሚገኘው ኦሪገን ሂውማኒቲስ ነው። ግዙፍ ድርጅት አይደለም። ሕንፃ አይገነባም፣ እህል አያከፋፍልም። ዋና ሥራው ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ማነጋገር ነው። እንዲህ ላለ ሥራ ማን ይከፍላል? ሲቆምስ ምን ይጎድላል? ይህን ጉዳይ እንድጽፍ የገፋፋኝ ጥያቄ ይሄ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሩ

"ሂውማኒቲስ" የሚለውን በአንድ የአማርኛ ቃል መተካት ይከብዳል። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋ፣ የሃይማኖት ጥናት፦ ሰው ስለ ራሱ የሚጠይቅባቸው ትምህርቶች ናቸው። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለእነዚህ ትምህርቶች የሚሆን ብሔራዊ የድጋፍ ተቋም የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ውስጥ በጣም የምወደው ሐሳብ አለ። ዴሞክራሲ ከዜጎቹ ጥበብንና አርቆ ማየትን ይሻል ይላል።

ጥበቡ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ብቻ ከቀረ ግን ለከብት አርቢው፣ ለነርሷና ለሹፌሩ እንዴት ይደርሳል? ተቋሙ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በ6 ግዛቶች ሙከራ አደረገ። በሜይንና በኦክላሆማ ሥራውን ለነባሮቹ የሥነ ጥበብ ምክር ቤቶች ሰጠ። በጆርጂያና በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲይዙት አደረገ። በኦሪገንና በዋዮሚንግ ደግሞ ራሱን የቻለ አዲስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥር የሰደደው ይህ የመጨረሻው መንገድ ነው። የኦሪገኑ በ1971 ሥራ ጀመረ። ዛሬ በ50ዎቹ ግዛቶች፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በፖርቶ ሪኮና በሌሎች የደሴት ግዛቶች በድምሩ 56 ምክር ቤቶች አሉ።

ስማቸው ምክር ቤት ይባል እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደሉም። ለትርፍ ያልተቋቋሙ፣ የራሳቸው ቦርድ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል። ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስኑት ግን እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ይወስደናል።

ተራራው የከፈለው ግዛት

ኦሪገን ወደ 255,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። ሕዝቧ 4.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። አብዛኛው ከካስኬድ ተራሮች በስተምዕራብ፣ ዊላሜት ሸለቆ ውስጥ ተጠጋግቶ ይኖራል። ተራራውን ሲሻገሩ ዝናቡ ይቀራል። ደኑ ይሳሳል፣ የቁጥቋጦ ሜዳና የከብት እርባታ ይጀምራል። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ በስፋት አንደኛ የሆነው ሃርኒ ካውንቲ ከ26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዋሪው ግን 7,500 ሰው ገደማ ብቻ። በ2016 መጀመሪያ የታጠቁ ሰዎች እዚሁ ካውንቲ ያለውን የማሉር የዱር እንስሳት መጠለያ ተቆጣጥረው 41 ቀን ቆይተዋል። ጥያቄያቸው መሬቱ የማን ነው የሚል ነበር። ከምሥራቁ ካውንቲዎች ብዙዎቹም ከኦሪገን ተለይቶ ከጎረቤት ግዛት ከአይዳሆ ጋር መቀላቀልን የሚመለከቱ ሐሳቦችን በድምፅ ደግፈዋል።

ሌላም ነገር አለ። ከ1902 ጀምሮ የኦሪገን ዜጋ ፊርማ አሰባስቦ የሕግ ሐሳብ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ይችላል። በ1998 ደግሞ ሕዝቡ ምርጫ በፖስታ እንዲሆን ወሰነ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ቤት ድረስ ይመጣል። እንግዲህ ዜጋው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ብዕር ይዞ፣ ሕግ ያወጣል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ብቻውን። እንዲህ ባለ ግዛት የሥነ ዜጋ ትምህርት ለተማሪ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። ለተማሪዎች በ2021 በወጣ ሕግ ከ2026 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የግማሽ ክሬዲት የሥነ ዜጋ ትምህርት ግዴታ ሆኗል። የ50 ዓመቱ ሰውስ የት ይማር?

ክፍሉ ውስጥ

የድርጅቱ መልስ በ2009 የጀመረው የውይይት ፕሮጀክት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ላይብረሪ፣ ማኅበር ወይም የእምነት ተቋም ከቀረቡት ርእሶች አንዱን ይመርጣል። ድርጅቱ ሠልጥኖ የተዘጋጀ አወያይ ይልካል። ሰዎች ይመጣሉ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይነጋገራሉ፣ ይሄዳሉ።

ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው። ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ግን ልዩነቱ ከወንበሩ ይጀምራል። መድረክ የለም። ወንበሮቹ በክብ ናቸው፣ ሁሉም የሁሉንም ፊት ያያል። አወያዩ ትምህርት አይሰጥም፤ ጥያቄ ያነሳል። ጥያቄው ደግሞ አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። "ይህን ሕግ ትደግፋለህ?" ብትለው ሰው ወዲያው ሰፈሩን ይለያል። "ጎረቤት ስትል ማንን ነው የምትቆጥረው?" ብትለው ግን ቆም ይላል። መጀመሪያ ለሁለት ለሁለት ያነጋግሯቸዋል። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ይሠራል። በ20 ሰው ፊት የማይናገር ሰው ለአንድ ሰው ይናገራል። አንዴ አፉን ከፈተ ደግሞ ለብዙውም መናገር አይከብደውም።

ከ2013 ጀምሮ ድርጅቱን የሚመሩት አዳም ዴቪስ ከዚያ በፊትም ሰዎችን በውይይት ስለ ማኅበራዊ ኑሯቸው እንዲያስቡ የሚያግዝ ማዕከል ይመሩ ነበር። የእሳቸው አሻራ ድርጅቱ አወያዮችን በማሠልጠን ላይ ባደረገው ትኩረት ይታየኛል። እኔ እዚህ ላይ ነው የድርጅቱን ብልህነት የማየው። ዝግጅት ያልፋል። ማወያየት የሚያውቅ ሰው ግን ወደ ወረዳው፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወላጆች ስብሰባ ይዞት ይሄዳል።

ርእሶቹ ከኑሮ የወጡ ናቸው። አንዱን ልንገራችሁ። ኦሪገን በ1994 በሕዝብ ድምፅ፣ ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን ሕይወታቸውን የሚያበቃ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀች። በ1997 ሕጉ ይሻር ሲባል ሕዝቡ እምቢ አለ። ድርጅቱም ስለ ሞት የመነጋገሪያ ፕሮግራም አዘጋጀ። ሕጉን ደግፉ ወይም ተቃወሙ ለማለት አይደለም። ድምፅ የሰጠንበትን ነገር ከልጆቻችን ጋር አውርተነው እናውቃለን ወይ ለማለት ነው። ሞትን አንስቶ ማውራት የትም ቀላል አይደለም። ከማያውቁት ሰው ጋር አንዳንዴ ከቤተሰብ ይልቅ ይቀላል።

ግድግዳው ላይ ያለው ታሪክ

በፕሮጀክቱ ውስጥ ካለፉት ሁሉ በጣም የታወቀው፣ ደራሲና መምህርት ዋሊዳ ኢማሪሻ የመሩት ነው። ርእሱ "ኦሪገን ውስጥ ጥቁሮች ለምን አልበዙም?" የሚል ነበር። ኢማሪሻ ይህን ጥያቄ ይዘው ከከተማ ከተማ ዞረዋል። ግድግዳው ላይ የዘመን ቅደም ተከተል ይለጠፋል። ተሳታፊው ከመቀመጡ በፊት እየተራመደ ያነባል። ከዚያ ነው ወሬው የሚጀመረው።

ይህን አሠራር ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው ታሪክን ቆሞ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ከጎኑ የማያውቀው ሰው ቆሞ ሲያነብ ሌላ ነው። የኦሪገን ታሪክ ደግሞ ቶሎ የሚነበብ አይደለም። በ1857 መራጮች ጥቁሮች ወደ ግዛቷ እንዳይገቡ የሚከለክል አንቀጽ ያለበትን ሕገ መንግሥት አጸደቁ። በ1859 ኦሪገን ይህንኑ ይዛ አሜሪካን ተቀላቀለች። እንዲህ ያለ አንቀጽ ይዞ የገባ ሌላ ግዛት የለም። አንቀጹ ከሕገ መንግሥቱ የወጣው በ1926 ነው። ቀሪዎቹ የዘር ቃላት እንዲሰረዙ የተወሰነው በ2002 ነው። ልብ በሉ፣ በ2002። ያኔም ከ10 ድምፅ ሰጪዎች ወደ 3 የሚጠጉት አይሰረዝ ብለዋል።

ከዚያ ቫንፖርት አለ። በ1942 ለመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች በጥድፊያ የተሠራች ከተማ ናት። በሌሎች ሰፈሮች ቤት የተከለከሉ ጥቁር ቤተሰቦች እዚያ ገቡ። ሜይ 30 ቀን 1948 የኮሎምቢያ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን በአንድ ቀን አጠፋት። ከ18,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ።

ከዚያ ደግሞ ሙሉጌታ ሥራው። ይህን ስም አማርኛ አንባቢ ፊት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለትምህርት ፖርትላንድ የሄደ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ሌሊት የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ የሆኑ ወጣቶች መንገድ ላይ በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። በ1990 ፖርትላንድ ውስጥ ከዜጎች የተሰየመ የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) ከገዳዮቹ ሁለቱንና ያነሳሷቸውን የነጭ የበላይነት ድርጅት መሪዎች ተጠያቂ አድርጎ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። በ2018፣ በተገደለ በ30 ዓመቱ፣ ከተማዋ በተገደለበት አካባቢ ባሉ የመንገድ ምልክቶች ላይ ስሙን አኖረች። ብዙ የፖርትላንድ ሰው ያንን መንገድ በየቀኑ ያልፍበታል። ስሙ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ቆሞ የሚመልስለት ሰው ያስፈልጋል። ለእኔ ሂውማኒቲስ ማለት ይሄ ነው።

ሌሎቹን ፕሮግራሞች ባጭሩ ልጥቀስ። ድርጅቱ ነፃ መጽሔት ያሳትማል። ለትናንሽ ድርጅቶች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። በፖርትላንድ ደግሞ ኑሮ ከትምህርት ላራቃቸው አዋቂዎች በኮሌጅ ደረጃ የሂውማኒቲስ ኮርስ በነፃ ሲሰጥ ኖሯል። ሐሳቡ ኧርል ሾሪስ በ1995 ኒውዮርክ ውስጥ ከጀመሩት የክሌሜንቴ ኮርስ ጋር ይዛመዳል። ሾሪስ ለድሀ ሰው የሥራ ሥልጠና ብቻ ይበቃዋል የሚለውን አልተቀበሉም። ፍልስፍናና ግጥም ያነበበ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ቆሞ መናገር ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። እኔም አምናለሁ።

ገንዘቡ

ብሔራዊው ተቋም በዓመት 207 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይመደብለት ነበር። ከዚያ ውስጥ ወደ 65 ሚሊዮኑ ለ56ቱ ምክር ቤቶች ይሄድ ነበር። ለሕዝቡ ብናካፍለው ለአንድ ሰው በዓመት 20 ሳንቲም አይሞላም። ምክር ቤቶቹም እጃቸውን አጣጥፈው አይቀበሉም። ለእያንዳንዱ የፌዴራል ዶላር አንድ ዶላር ወይም የዚያን ያህል ዋጋ ያለው አስተዋጽኦ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባቸው።

ኦሪገን በዚህ በኩል የራሷ ጥሩ ዘዴ አላት። በ2001 የተቋቋመ የባህል አደራ ፈንድ አለ። አንድ ሰው ለባህል ድርጅት የሰጠውን ያህል ለፈንዱም ቢሰጥ፣ ለፈንዱ የሰጠው በሙሉ ከግዛቱ ግብር ይቀነስለታል፤ ለአንድ ሰው እስከ 500 ዶላር፣ ለባልና ሚስት እስከ 1,000። ኦሪገን ሂውማኒቲስ በሕግ ከታወቁት የፈንዱ አጋሮች አንዱ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ የፌዴራሉ ገንዘብ መቅረት ለምን ያን ያህል ጎዳ? መልሱ ገንዘቡ ባለው ጠባይ ላይ ነው። የግል ለጋሽ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ፕሮጀክት ይሰጣል። ፕሮጀክቱ ስም አለው፣ ማብቂያ አለው። የፌዴራሉ ድጋፍ ግን ደመወዝ፣ ኪራይና የመኪና ነዳጅ ይሸፍናል። ከፖርትላንድ ሃርኒ ካውንቲ 5 ሰዓት ያህል ያስነዳል። ለ15 ሰው ውይይት 5 ሰዓት ነድቶ የሚሄድ አወያይን ወጪ በደስታ የሚሸፍን ለጋሽ ማግኘት ከባድ ነው። ከተማ ውስጥ ሰውም ለጋሽም አለ። ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው ሩቁ ነው።

ፍርድ ቤት

ከኤፕሪሉ ኢሜይል በኋላ ነገሮች በፍጥነት ሄዱ። ብሔራዊው ተቋም አብዛኛውን ሠራተኛውን ማሰናበት ጀመረ። ኤፕሪል 24 ይኸው ተቋም፣ ሊሠራ ለታሰበው የአሜሪካ ጀግኖች የአትክልት ስፍራ የሚሆኑ ሐውልቶችን ለሚሠሩ ቀራፂዎች ጥሪ አወጣ፤ ለአንድ ሐውልት እስከ 200,000 ዶላር። ኤፕሪል 29 ደግሞ ሜለን ፋውንዴሽን የተባለው የግል በጎ አድራጎት ድርጅት ለምክር ቤቶቹ 15 ሚሊዮን ዶላር የነፍስ አድን ድጋፍ አደርጋለሁ አለ። ለእያንዳንዱ ምክር ቤት 200,000 ዶላር፣ ከአካባቢው ገንዘብ ካሰባሰበ ደግሞ እስከ 50,000 ተጨማሪ።

ሁለቱ ቁጥሮች መግጠማቸው አጋጣሚ ነው። እኔ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋ አሉ። አንድ የድንጋይ ሰው፣ ወይም አንድ ሙሉ ግዛት ለትንሽ ጊዜ የሚነጋገርበት ገንዘብ። ጀግና መታሰቡን አልጠላም። ግን ሐውልቱ ማን ነው ብሎ ልጅ ሲጠይቅ የሚመልሰው አዋቂ ከየት ይምጣ?

ሜይ 15 ኦሪገን ሂውማኒቲስ ከግዛት ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ጋር ሆኖ ፖርትላንድ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። የክሱ አከርካሪ ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ነው። ኮንግረስ ገንዘቡን ለግዛት ምክር ቤቶች ብሎ በሕግ መድቧል። ቦርሳው ያለው ሕግ አውጪው እጅ ነው። አስፈጻሚው ተነስቶ ለሌላ ላውለው ማለት ይችላል ወይ?

ኦገስት 6 ዳኛ ማይክል ሳይመን ለከሳሾቹ ጊዜያዊ እግድ ሰጡ። ከሳሾቹ በዋናው ክርክር የማሸነፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመለከቱ። እግድ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፣ ካዝናም አይሞላም። ግን አንድ ነገር አደረገ። 50 ዓመት ያህል ስለ ዜግነት ሲያወያይ የኖረ ትንሽ ድርጅት፣ ሥልጣን እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሳይ ጉዳይ ራሱ ይዞ ፍርድ ቤት ቆመ።

የእኔ ፍርድ

ድርጅቱን ብወደውም ድካሙን ማየት አለብኝ። ወደ ውይይት የሚመጣው በአብዛኛው መወያየት የሚወድ ሰው ነው። በጣም የተቆጣውና በጣም የደከመው ቤቱ ይቀራል። አንድ ሰዓት ተኩልም አጭር ነው። ሰው ገና መተማመን ሲጀምር ወንበር ይታጠፋል። ድርጅቱ ይህን አይቶ ይመስለኛል በኋላ ተመላልሶ መገናኘት ያለባቸውን ውይይቶች የጀመረው። እኔ ብሆን ገንዘቡ ሲመለስ መጀመሪያ የማሰፋው ይህን ነው። አንድ ጊዜ 40 ቦታ ከመሄድ 10 ቦታ 4 ጊዜ መመለስ ይሻላል።

ሌላው የገንዘቡ ምንጭ ነው። አንድ ትልቅ ምሰሶ ላይ የተደገፈ ቤት ምሰሶው ሲነቀነቅ ያዘማል። የግዛቱ ፈንድ ባይኖር ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር። ሌሎች ግዛቶች ከኦሪገን ሊወስዱት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ የግብር ዘዴ ነው፤ ውይይቱን ከመኮረጅ በፊት።

ስለ አንድ ፕሮግራም ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። የደብዳቤ ልውውጥ ነው። ስሙን በአማርኛ ብመልሰው "ይድረስ ለማላውቅዎ" እለው ነበር። የኦሪገን ሰው ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ ይጽፍና ለድርጅቱ ይልካል። ድርጅቱ የእሱን ለሌላ ሰው፣ የሌላውን ለእሱ አቀያይሮ ይልካል። ማን እንደሚደርሰው ጸሐፊው አይመርጥም። ከተራራው ወዲያ ይሁን ወዲህ፣ ማንን ይምረጥ ማንን፣ አያውቅም። ፖስታውን ከፍቶ የሰው የእጅ ጽሑፍ ያያል። መልስ መጻፍ ከፈለገ ይጽፋል።